አሰልጣኝ እንደ መምህር፦ የቶኒ ደንጂ የእግር ኳስ ሕይወት

የአሜሪካ እግር ኳስ፣ በስሙ ከዓለም አቀፉ እግር ኳስ ጋር ቢመሳሰልም፣ ኳሱ በአብዛኛው በእጅ የሚያዝበትና የሚወረወርበት፣ ከየወገኑ 11 ተጫዋቾች የሚሰለፉበት፣ ኳሱን የያዘው ቡድን በአራት ሙከራ ቢያንስ 10 ያርድ፣ ማለትም 9 ሜትር ያህል፣ ወደፊት መግፋት የሚጠበቅበት ጨዋታ ነው። ማጥቃቱና መከላከሉ ለየብቻ በተመደቡ ተጫዋቾች ስለሚከናወን፣ በየሙከራው መካከልም ጨዋታው ስለሚቆም፣ የእያንዳንዱን ሙከራ ዕቅድ አስቀድሞ ማጥናትና ማዘዝ የአሰልጣኞች ሥራ ሆኗል። በሜዳው ላይ ይህን ዕቅድ የሚያስፈጽመው ኳርተርባክ ይባላል፤ ኳሱን መጀመሪያ ተቀብሎ ለማን እንደሚወረወር ወይም ማን ተሸክሞት እንደሚሮጥ የሚወስነው እርሱ ነው።

ኳርተርባክነትና ዋና አሰልጣኝነት የማሰብና የማዘዝ ሥራዎች በመሆናቸው፣ የዘር አድልዎ ሥር በሰደደበት ዘመን ለጥቁር አሜሪካውያን እጅግ ጠባብ በሮች ነበሩ። ፍሪትዝ ፖላርድ በ1920ዎቹ (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው) በአሰልጣኝነት ከሠራ በኋላ፣ አርት ሼል በ1989 የሎስ አንጀለስ ሬይደርስን እስኪረከብ ድረስ፣ ኤን ኤፍ ኤል በሚባለው ብሔራዊ ሊግ አንድም ጥቁር ዋና አሰልጣኝ አልተሾመም። የቶኒ ደንጂ ሕይወት ሙሉ ትርጉሙን የሚያገኘው ከዚህ ታሪክ አንጻር ሲታይ ነው፤ ከመጀመሪያው በር ተመልሷል፣ በሁለተኛው ለዓመታት ደጅ ጠንቷል፣ በሁለቱም ዘመን የያዘው መሣሪያ ግን አንድ ነበር፤ እርሱም መማርና ማስተማር ነው።

ደንጂ ኦክቶበር 6 ቀን 1955 በሚሺጋን ግዛት በጃክሰን ከተማ ከመምህራን ቤተሰብ ተወለደ፤ አባቱ በኮሌጅ የአካል አሠራር ሳይንስን፣ እናቱ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛን ያስተምሩ ነበር። በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ በኳርተርባክነት ቢታወቅም፣ በ1977 ክለቦች አዳዲስ ተጫዋቾችን ተራ በተራ በሚመርጡበት ድራፍት በተባለው ሥርዓት የመረጠው ክለብ አልነበረም። ጥቁር ኳርተርባኮች ችሎታቸው እየታየ ወደ ሌላ ቦታ እንዲዛወሩ ይደረግ በነበረበት በዚያ ዘመን፣ ፒትስበርግ ስቲለርስ ያለ ምርጫ ሲያስፈርመው የሰጠውም ሴፍቲ የሚባለውን የመጨረሻ ተከላካይ ቦታ ነው።

ሴፍቲ ከተከላካዮቹ ሁሉ ኋላ ቆሞ የተቃራኒውን ቡድን አሰላለፍ የሚያነብ፣ ረጅም ውርወራዎችን የሚያከሽፍ ተጫዋች ነው። ደንጂ በጉልበትም ሆነ በፍጥነት ከሁሉ የላቀ ስላልነበረ፣ ለአዲሱ ቦታ ያበቃው የቀድሞ ትምህርቱ ነው፤ ኳርተርባክ ሆኖ ያሰበ ሰው ኳርተርባክ ምን እንደሚያስብ ለመገመት ይቀለዋልና። በ1978 የውድድር ዘመን ከቡድኑ ተጫዋቾች ሁሉ ብዙ ውርወራ፣ ማለትም ስድስት፣ አየር ላይ የነጠቀው እርሱ ሲሆን፣ ስቲለርስም በጃንዋሪ 1979 ዳላስ ካውቦይስን 35 ለ31 አሸንፎ የሊጉ የፍጻሜ ጨዋታ የሆነውን ሱፐር ቦውል ወሰደ። የተጫዋችነት ዘመኑ ግን አጭር ነበር፤ በ1979 ወደ ሳን ፍራንሲስኮ ተዛውሮ አንድ ዓመት ከተጫወተ በኋላ፣ በ1980 ወደ ኒው ዮርክ ጃያንትስ ሄዶ የውድድር ዘመኑ ሳይጀመር፣ 25 ዓመት ሳይሞላው፣ መጫወቱን አበቃ።

ይህ አጭር ዘመን ለአሰልጣኝነቱ ትልቅ ስንቅ ሆነለት። የፒትስበርግ አሰልጣኝ ቸክ ኖል ራሱ የቀድሞ ተጫዋች ሲሆን፣ ማሰልጠንን ከጩኸትና ከማስፈራራት ይልቅ እንደ ማስተማር ይቆጥር ነበር። ደንጂ በ1981 በረዳትነት ወደ ኖል ተመለሰ፣ በ1984ም ገና በ28 ዓመቱ የመከላከሉን ክፍል በሙሉ የሚመራ አስተባባሪ ሆነ። ከዚያ በካንሳስ ሲቲና በሚኒሶታ እየሠራ፣ ብቃቱ ታውቆ ሳለ የዋና አሰልጣኝነቱ ወንበር ግን ራቀው፤ በሊጉ ያሳለፈው የረዳትነት ዘመን 15 ዓመት ሞላ።

በ1996 በሩን የከፈተለት ታምፓ ቤይ ባካኒርስ ከ1982 ወዲህ ከተሸነፈው በላይ ያሸነፈበት ዓመት ያልነበረው ክለብ ነው። የመጀመሪያው ዓመትም መራራ ነበር፤ ከመጀመሪያዎቹ ዘጠኝ ጨዋታዎች ያሸነፈው አንዱን ብቻ ሲሆን፣ ደንጂ ግን ዘዴውን ሳይቀያይር ያንኑ ደጋግሞ በማስተማር ጸንቶ በቀጣዩ ዓመት ቡድኑን ለጥሎ ማለፍ አበቃ። ከመከላከሉ አስተባባሪ ከሞንቲ ኪፊን ጋር ያዳበረው ዘዴ "ታምፓ ሁለት" ተብሎ ሲጠራ፣ ሥሩ ደንጂ በተጫዋችነቱ ፒትስበርግ ላይ የተማረው ነው። በዚህ ዘዴ ሁለቱ ሴፍቲዎች የሜዳውን ጥልቅ ክፍል ለሁለት ይካፈላሉ፣ በመካከላቸው የሚቀረውን ክፍተት የመሀሉ ተከላካይ ወደ ኋላ ሮጦ ይሞላል፣ የፊት መስመሩ አራት ሰዎችም ያለ ተጨማሪ ኃይል ኳርተርባኩን ያስጨንቃሉ። አሠራሩ ውስብስብ ባለመሆኑ ጥንካሬው የሚመጣው እያንዳንዱ ተጫዋች የራሱን ድርሻ ሳያመነታ በመፈጸሙ ነው፤ እንዲህ ያለ ጥራት ደግሞ በድንገተኛ ብልሃት ሳይሆን በመደጋገም ብቻ ይገኛል።

ሆኖም ቡድኑ በጥሎ ማለፍ በተደጋጋሚ በመውደቁ ደንጂ በጃንዋሪ 2002 ከሥራው ተሰናበተ፣ ታምፓም በቀጣዩ ዓመት እርሱ በመሠረተው መከላከል በሌላ አሰልጣኝ ሥር ዋንጫውን አነሣ። የእርሱና የሚኒሶታው ጥቁር አሰልጣኝ የዴኒስ ግሪን መሰናበት ባስነሣው ክርክር፣ ክለቦች ለዋና አሰልጣኝነት ሰው ሲፈልጉ ቢያንስ አንድ የአናሳ ወገን ተወዳዳሪ እንዲያነጋግሩ በወቅቱ ያስገደደው የሩኒ ደንብ በ2003 ሥራ ላይ ዋለ።

ደንጂ ከታምፓ እንደተሰናበተ ወዲያው የተቀበለው ኢንዲያናፖሊስ ኮልትስ በኳርተርባኩ በፔይተን ማኒንግ ዝነኛ ቢሆንም፣ በ2006 መደበኛ ውድድር ኳስ ይዞ የሚሮጥን በማስቆም ከሊጉ ሁሉ የመጨረሻው ነበር። ዘዴው ሳይለወጥ መከላከሉ በጥሎ ማለፉ ተስተካከለ፤ ኮልትስ ኒው ኢንግላንድን ከ21 ለ3 መመራት ተነሥቶ 38 ለ34 ረታ። ፌብሩዋሪ 4 ቀን 2007 በማያሚ ዝናብ ውስጥ የቺካጎ ቤርስ ተጫዋች የመጀመሪያዋን ኳስ ይዞ ሜዳውን ሙሉ ሮጦ ነጥብ ቢያስቆጥርም፣ ኮልትስ ሳይደናገጥ 29 ለ17 አሸነፈ። ደንጂ ሱፐር ቦውልን ያሸነፈ የመጀመሪያው ጥቁር ዋና አሰልጣኝ ሆነ፣ ዋንጫውን በተጫዋችነትም በዋና አሰልጣኝነትም ካነሡት ከቶም ፍሎሬስና ከማይክ ዲትካ ቀጥሎ ሦስተኛ ሆኖ ተመዘገበ። በተቃራኒው ወገን የቆመው ጥቁር አሰልጣኝ ሎቪ ስሚዝም በታምፓ የእርሱ ረዳት የነበረ ሰው ነው።

ደንጂ በጃንዋሪ 2009 ሥራውን ሲለቅ በመደበኛ ውድድር 139 ጊዜ አሸንፎ 69 ጊዜ ተሸንፎ ነበር፤ በ2016 ደግሞ በካንተን፣ ኦሃዮ በሚገኘው የክብር አዳራሽ ስሙ ሰፈረ። ከእነዚህ ቁጥሮች በላይ የሥራውን ዋጋ የሚያሳየው ግን በለቀቀ ማግሥት የሆነው ነው። በታምፓ ወደ ሊጉ አምጥቶ የኋላ ተከላካዮቹን ያስረከበው ወጣቱ ረዳት ማይክ ቶምሊን፣ በፌብሩዋሪ 2009 በ36 ዓመቱ ሱፐር ቦውልን ያሸነፈ ሁለተኛው ጥቁር ዋና አሰልጣኝ ሆነ፤ የመራውም ቡድን፣ አንድ ያልተመረጠ ኳርተርባክ ከ30 ዓመት በፊት የተከላካይነትን ሀሁ የቆጠረበት ፒትስበርግ ስቲለርስ ነበር።