«ስቀባው ይጠፋል፣ ሳቆም ይመለሳል»፦ ስለ ብሽሽት ሽፍታና ስለ ፀጉር ሥር ብጉር

ዛሬ የማወራው እኛ ወንዶች እርስ በርሳችን ስለማናወራው ነገር ነው። ብሽሽት ላይ እየጠፋ እየተመለሰ ስለሚያሳክክ ሽፍታ፣ እዚያው አካባቢ ፀጉር ሥር ላይ ስለሚወጣ መግል የቋጠረ ብጉር።

እኔ በቆዳ ሐኪሞች ክሊኒክ የምሠራ ነርስ ነኝ። የእኛ ልጆች በዚህ ጉዳይ ሲመጡ ብዙ ጊዜ ግማሹ ያለቀ የቅባት ቱቦ ይዘው ነው። ወይ ጓደኛ የሰጣቸው ነው፣ ወይ ቤት ውስጥ ለሌላ ሰው የታዘዘ። ሁሉም የሚሉት አንድ ነው፦ «ስቀባው ይጠፋል፣ ሳቆም ይመለሳል።» ለምን ይመለሳል? ዛሬ ይህን እናያለን።

መጀመሪያ አንድ ነገር እንያዝ። «የብሽሽት ሽፍታ» የአንድ በሽታ ስም አይደለም። በብዛት የምናያቸው ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፣ መድኃኒታቸውም አንድ አይደለም።

አንደኛው ፈንገስ ነው፤ በአማርኛ ጭርት የምንለው ዓይነት። ከብሽሽት እጥፋት ይጀምርና ወደ ጭን ውስጠኛው ክፍል እየሰፋ ይሄዳል። ጠርዙ ከፍ ያለና የሚቀረፍ ነው፣ መሐሉ ግን የዳነ ይመስላል። ቆለጥን ብዙ ጊዜ አይነካም። በጣም ያሳክካል። ከየት እንደሚመጣ ታውቃላችሁ? ብዙውን ጊዜ ከራሳችሁ እግር። በእግር ጣቶቻችሁ መሐል የሚላጠውና የሚያሳክከው ያው ፈንገስ ነው። ጠዋት የውስጥ ሱሪያችሁን በእግራችሁ አሳልፋችሁ ወደ ላይ ስትስቡ ፈንገሱን ይዞት ይወጣል። ጸባ ላይ ያላችሁ ደግሞ እግራችሁ ቀኑን ሙሉ ቦት ጫማ ውስጥ ነው፣ ልብሱ በላብ ርሷል፣ ሻወሩ የጋራ ነው። ለፈንገስ ከዚህ የሚመች ቦታ የለም።

ሁለተኛው መፋተግ ነው። ቆዳ ከቆዳ ጋር በላብ ሲፋተግ ይላጣል። ከማሳከኩ ይልቅ ማቃጠሉ ይብሳል፣ ጭርት ያለው ዓይነት ግልጽ ጠርዝም የለውም። አንዳንዴ እርጥበቱ ላይ ካንዲዳ የሚባል ሌላ ፈንገስ ይጨመርበታል። ያኔ ቆለጥንም ይነካል፣ ከዋናው ሽፍታ ወጣ ብለው ትንንሽ ነጠብጣቦች ይታያሉ።

ሦስተኛው የፀጉር ሥር መቆጣት ነው። ብጉሮቹን ቀረብ ብላችሁ ብታዩዋቸው በየመሐላቸው ፀጉር አለ። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ስታፊሎኮከስ የሚባል ባክቴሪያ ነው፤ ብዙ ሰው ሳይታመም በቆዳውና በአፍንጫው ይዞት ይኖራል። በሩን የሚከፍትለት ምላጭ ነው። በዚያ ላይ የእኛ ፀጉር ጥቅልል ነው። ከሥሩ ሲላጭ ጫፉ ይሾላል፣ ሲያድግ ተጠምዝዞ ተመልሶ ቆዳ ውስጥ ይገባል። ሰውነት እንደ እሾህ ይቆጥረዋል፣ ቦታው ያብጣል። ጢም መላጨት ፊታችሁን የሚያሳብጠው ልጆች ነገሩን ታውቁታላችሁ። ብሽሽት ላይም የሚሆነው ያው ነው።

አሁን ወደ ቱቦው እንመለስ። ብዙውን ጊዜ ውስጡ ያለው ኮርቲዞን፣ ማለትም ስቴሮይድ ነው። ስሙ ላይ ሃይድሮኮርቲዞን፣ ቤታሜታዞን ወይም ሞሜታዞን የሚል ካያችሁ ይሄው ነው። ስቴሮይድ መጥፎ መድኃኒት አይደለም፤ ለኤክዜማ ጥሩ ነው። ሥራው ግን የሰውነትን ቁጣ ማብረድ ነው እንጂ ፈንገስ መግደል አይደለም። ስለዚህ ጭርት ላይ ስትቀቡት ማሳከኩ በ2 ወይም በ3 ቀን ይቀንሳል፣ እናንተ «ዳንኩ» ትላላችሁ። ፈንገሱ ግን የሚከላከለው ስላጣ ተዝናንቶ ያድጋል። ስታቆሙ ከበፊቱ ሰፍቶ ይመጣል። በቃ፣ «ይጠፋል፣ ይመለሳል» የሚባለው ይሄ ነው።

ጉዳቱ በዚህ አያበቃም። ያ ግልጽ ጠርዝ ስለሚጠፋ ሐኪሙም ለመለየት ይቸገራል። ፈንገሱ ወደ ፀጉር ሥር ጠልቆ ሊገባ ይችላል፤ ያኔ ብጉር ይመስላል፣ ቅባት አይደርስበትም፣ የሚዋጥ መድኃኒት ያስፈልገዋል። የብሽሽት ቆዳ ስስ ስለሆነ ደግሞ ለወራት ስቴሮይድ ሲቀባ ይሳሳል፣ የማይጠፋ ሸንተረርም ያወጣል።

ስለ ቀለምም ልንገራችሁ። ስለ ቆዳ በሽታ የሚነበበው ጽሑፍ ብዙ ጊዜ «ቀይ ሽፍታ» ይላል። በእኛ ቆዳ ላይ ግን ቡናማ፣ ግራጫ ወይም ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ሆኖ ሊታይ ይችላል። «ቀይ አይደለም፣ እንግዲያው ፈንገስ አይደለም» አትበሉ። ከዳነ በኋላም ጥቁር ምልክት ለወራት ሊቆይ ይችላል። የማያሳክክ፣ የማይቀረፍ፣ የማይሰፋ ከሆነ ምልክት ብቻ ነው። እሱን ለማጥፋት ማንጫ ቅባት አትቀቡ፤ ከእነዚህ ቅባቶች ብዙዎቹ ውስጥ ያው ስቴሮይድ አለ።

እሺ፣ ምን እናድርግ? ጭርት ከሆነ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚሸጡ የፈንገስ ቅባቶች አሉ። ክሎትሪማዞል አብዛኛውን ጊዜ በቀን 2 ጊዜ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ይቀባል። ተርቢናፊን በቀን 1 ጊዜ ከ1 እስከ 2 ሳምንት። ስትገዙ ስቴሮይድ ያልተቀላቀለበት መሆኑን ፋርማሲስቱን ጠይቁ። ከሽፍታው ጠርዝ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል አልፋችሁ ቀቡ። ማሳከኩ ሲቆም አታቁሙ፣ ጊዜውን ጨርሱ። እግራችሁ ላይም ካለ አብራችሁ አክሙት፣ አለዚያ ድካሙ ከንቱ ነው። ከሻወር በኋላ በደንብ ተደራረቁ፣ ለእግር ሌላ ፎጣ ይኑራችሁ፣ ካልሲ ከውስጥ ሱሪ በፊት አድርጉ። ፎጣና የውስጥ ልብስ በ60 ዲግሪ እጠቡ። ሎሚ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ አልኮል አታድርጉበት፤ ቆዳውን ያቃጥላል።

የፀጉር ሥር ብጉር ከሆነ መጀመሪያ ምላጩን አስቀምጡ። ማሳጠር ካስፈለገ በማሽን፣ ትንሽ አስቀርታችሁ። በሞቀ ውኃ የተነከረ ንጹሕ ጨርቅ ለ10 ደቂቃ ያህል በቀን ጥቂት ጊዜ ያዙበት። አታፍርጡት። ጠባብ ልብስ ቀይሩ፣ ምላጭና ፎጣ ከጓደኛ ጋር አትጋሩ።

በ2 ሳምንት ለውጥ ከሌለ ወይም እየተመላለሰ ካስቸገረ፣ ሐኪም ጋ ሂዱ። ቁፓት ሖሊም ውስጥ ሮፌ ኦር ለማየት በአብዛኛው ከቤተሰብ ሐኪም ሃፍናያ አያስፈልግም። ወንድ ሐኪም ከፈለጋችሁ ቀጠሮ ስትይዙ መምረጥ ትችላላችሁ። ከቆዳው ጥቂት ተፍቆ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ፈንገስ መሆኑ ይለያል። የተቀባችሁትን ሁሉ ተናገሩ፣ ቱቦውንም ይዛችሁ ሂዱ። ማንም አይቆጣችሁም።

ሦስት ነገር ግን አትዘንጉ። በብሽሽትና በብብት እየተመላለሰ የሚወጣ፣ የሚያም፣ ጠባሳ የሚተው እባጭ ካለ፣ ሂድራዴናይቲስ የሚባል ራሱን የቻለ በሽታ ሊሆን ይችላል። በንጽሕና ጉድለት የሚመጣ አይደለም፣ ቶሎ ሲታከም ጠባሳው ይቀንሳል። ቁስል ወይም ውኃ የቋጠረ ነገር ከሆነ የአባላዘር ምርመራ አድርጉ። ትኩሳት ካለ፣ እብጠቱ በፍጥነት ከሰፋ ወይም ሕመሙ ከበረታ በዚያው ቀን ወደ ሚዩን ሂዱ።

የመጨረሻው ስለ ወላጆቻችን ነው። እየተመላለሰ የሚመጣ ፈንገስና እባጭ አንዳንዴ የስኳር በሽታ ምልክት ነው። እዚህ አገር ከመጣን ወዲህ ስኳር በማኅበረሰባችን እንደበዛ ሐኪሞች ያውቃሉ። ብዙዎቻችሁ ደግሞ ለአባታችሁ ክሊኒክ ውስጥ አስተርጓሚ ናችሁ። አባት ለልጁ «ብሽሽቴን ያሳክከኛል» ማለት ይከብደዋል፤ በተለይ አስተርጓሚዋ ሴት ልጁ ከሆነች። ሳታስጨንቁት «አባዬ፣ ሰውነትህን የሚያሳክክህ ነገር አለ? የደም ስኳርም እንለካ» በሉት። አማርኛ የሚችል ሠራተኛ ወይም የስልክ አስተርጓሚ እንዳለም ጠይቁ። ያኔ እናንተ ወጣ ትላላችሁ፣ እሱ ከሐኪሙ ጋር በነፃነት ያወራል።

አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ። ይህን ክፍል ለሚያፍር ጓደኛ ላኩለት፤ ቱቦውን ግን አትስጡት። በሚቀጥለው እስክንገናኝ ደኅና ሁኑ፣ ለሂትራኦት።