ከሆስፒታሉ በር ወዲያ ያለው ሕክምና

“አማኑኤል ገብቶ ነበር” ከተባለ በኋላ ቤት የሚያከራይ፣ ሥራ የሚቀጥር፣ ልጁን የሚድር ሰው ጥቂት ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተቋቋመው አማኑኤል ሆስፒታል ለብዙ ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ነበር። ዛሬ በየክልሉ ባሉ ሪፈራል ሆስፒታሎች፣ በብዙ ጤና ጣቢያዎችም ጭምር ሕክምናው ይሰጣል። ወሬው ግን ከነበረበት ፈቅ አላለም። ከዚህ በታች የማነሳቸው እምነቶች በየቤቱ የሚነገሩ ናቸው፤ አብዛኞቹ ከክፋት ሳይሆን ከጭንቀት የመጡ ቢሆኑም በሕመሙ ላይ ሌላ ሕመም ይጨምራሉ።

“ሶሻል ወርከር? ብር የምትሰጠዋ ልጅ ናት።”

ሙያው አዲስ መጤ አይደለም። በአዲስ አበባ የሶሻል ወርክ ትምህርት ቤት የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1959 ነው። ደርግ ሲመጣ ተዘጋ፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በማስተርስ ደረጃ እንደገና የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። ሠላሳ ዓመት ያህል የተዘጋ ትምህርት ቤት ምን እንደሚያስተምር ሕዝብ ባያውቅ አይፈረድበትም።

አንድ ወጣት ፖሊስ ከጎዳና አንሥቶት ስሙን እንኳ ሳይናገር ሆስፒታል ገባ እንበል። ሐኪሙ መርፌና ክኒን ያዝለታል። ሲረጋጋ “ደብረ ብርሃን አክስት አለችኝ” ይላል። ከዚህ ወዲያ ያለው ሥራ የሶሻል ወርከሯ ነው። አክስቲቱን አፈላልጋ ታገኛለች፤ “እሱማ ቤቴን ሊያቃጥል ነበር!” ተብሎ ስልኩ ሲዘጋባት በማግስቱ ደግማ ትደውላለች። ክኒኑን ማታ ማታ ማን ይሰጠዋል? የቀጠሮው ትራንስፖርት ከየት ይመጣል? የጤና መድን ካርዱ ታድሷል? ካልታደሰ የነፃ ሕክምና ወረቀት ከየትኛው ወረዳ ይወጣል? ይህ ሁሉ ሳይታሰብለት የወጣ ሰው ክኒኑ ባለቀ በሳምንታት ውስጥ ተመልሶ ይመጣል፤ ቤተሰቡም “አይ፣ የሱ ነገር አይድንም” ይላል። ብር መስጠቱ ካለም የሥራዋ ትንሹ ክፍል ነው፤ አንዳንዴ እሱም ከራሷ ኪስ ይወጣል።

“ጠበል የጀመረ ሰው መድኃኒት አይነካም።”

እዚህ ላይ ሁለቱም ወገን ያጠፋል። አብዛኛው ቤተሰብ ሐኪም ዘንድ ከመምጣቱ በፊት ጠበል ወይም ሼኽ ዘንድ ደርሷል። ይህን እያወቁ “እስካሁን የት ነበራችሁ?” ብሎ መቆጣት የሚቀጥለውን ቀጠሮ ከማሳጣት በቀር ፋይዳ የለውም። በሌላ በኩል “እምነትህ ስለጎደለ ነው ክኒን የምትውጠው” የሚል አጥማቂ የተረጋጋን ሰው መልሶ ያሳምማል።

ሁለቱ እንደማይጣሉ ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያሻም። እ.ኤ.አ. በ2007 ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ የኤችአይቪ መድኃኒትና ጠበል አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ በይፋ ተናግረዋል። በእንጦጦ ማርያም ደግሞ የአእምሮ ሐኪሞችና አጥማቂዎች ተግባብተው ሠርተዋል፤ ታማሚው እየተጠመቀ እዚያው አቅራቢያ ባለ ክሊኒክ መድኃኒቱን ይወስድ ነበር።

ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ከጠበሉ ጋር በሚጾመው ጾም ላይ ነው። ሊቲየም የሚባለውን የአእምሮ ሕመም መድኃኒት የሚወስድ ሰው ውኃ ሳይቀምስ ፀሐይ ላይ ሲያልበው ቢውል መድኃኒቱ በደሙ ውስጥ ተጠራቅሞ ሊመርዘው ይችላል። ስለዚህ ጎበዝ ሶሻል ወርከር “ጠበሉን ተወው” አትልም። ካህኑ ዘንድ ሄዳ “አባቴ፣ ክኒኑን ይውጥ፣ ውኃም ይጠጣ ቢሉት የእርስዎን ቃል ይሰማል” ትላለች። ሩቅያ የሚቀራለት ከሆነ ሼኹን እንዲሁ ታናግራለች። ካህኑ ወይም ሼኹ አንድ ጊዜ “ውሰድ” ካሉት የነርስን የአንድ ወር ልመና ያስቀራሉ።

“ካልታሰረ ሰው ይገድላል።”

ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለበት አብዛኛው ሰው ማንንም አይነካም፤ ይልቁንም የሚደበደበው፣ የሚዘረፈው፣ የሚደፈረው እሱ ነው። ለያዥ ለገናዥ የሚያስቸግርበት ጊዜ የለም ማለቴ አይደለም። ያ ጊዜ ግን ይታከማል፣ ያልፋል። በጉራጌ ሶዶ ወረዳ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችና የውጭ አጋሮቻቸው ልጆቻቸውን በሰንሰለት ያሰሩ ቤተሰቦችን አነጋግረው ያገኙት ጭካኔን አልነበረም፤ የመድኃኒት መግዣ ማጣትን፣ የሕክምናውን ርቀት፣ “ወጥቶ ከሚጠፋብኝ” የሚል ፍርሃትን ነው።

በዚያው ወረዳ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2022 ውጤቱ የታተመ ሌላ ጥናት አለ። የስኪዞፍሬንያ ታማሚዎች ሁሉ በጤና ጣቢያ ሕክምና እንዲያገኙ ተደረገ፤ ከፊሎቹ ግን በተጨማሪ ከአካባቢው ተመልምለው የሠለጠኑ ሠራተኞች አንድ ዓመት ያህል ቤታቸው ድረስ ይመላለሱላቸው ነበር። ሠራተኞቹ ዶክተሮች አልነበሩም። የሚሠሩት ሰውዬው ገላውን ታጥቦ፣ ሥራ ይዞ፣ ከጎረቤት ጋር እንደገና ቡና እንዲጠጣ ማገዝ፣ ቤተሰቡንና የአካባቢውን ሽማግሌዎች ማነጋገር ነበር። በዓመቱ መጨረሻ እነዚህ ሰዎች ሕክምናውን ብቻ ካገኙት በተሻለ ዕለታዊ ኑሯቸውን ይመሩ ነበር። ለኔ ከሰንሰለቱ የሚያስፈታው ይህ ነው፤ ስብከት አይደለም።

“ክኒኑ ሱስ ያስይዛል።”

ለረጅም ጊዜ ሲወሰዱ የሚያስለምዱ አሉ፤ ዳያዜፓም አንዱ ነው። ለድብርትና ለሳይኮሲስ የሚታዘዙት ግን ሱስ አያስይዙም። ካደነዘዘው መጠኑ እንዲስተካከል ሐኪሙን መጠየቅ እንጂ በራስ ማቆም አይገባም።

“ከአረብ አገር መጥታ ያመማት መተት ተደርጎባት ነው።”

እ.ኤ.አ. በ2013 እና 2014 ሳዑዲ ዓረቢያ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን በጥቂት ወራት ውስጥ መልሳለች። ከዚያ ወዲህም መመለሱ አልቆመም። እንቅልፍ መነፈግ፣ ቤት ተቆልፎባት መዋል፣ ያልተከፈለ ደመወዝ፣ ድብደባ፣ መደፈር፣ በዚያ ላይ የደላላው ዕዳ፤ ለሕመሟ ከዚህ ሌላ ምክንያት መፈለግ ምን ያደርጋል? ገና ሻንጣዋን ሳታስቀምጥ “ምን ይዘሽ መጣሽ?” የሚላት ዘመድ ከመተተኛው የባሰ ይጎዳታል። ትተኛ፣ ትብላ፣ ስትፈልግ ታውራ። እንቅልፍ ካጣች፣ ብቻዋን ካወራች፣ ምግብ ካስጠላት ጤና ጣቢያ ውሰዷት።

“ስለ ሞት ከጠየቅከው ሐሳቡን ታስገባበታለህ።”

አታስገባበትም። ጥናቶች የሚያሳዩት ጠይቆ ማዳመጥ ሐሳቡን እንደማይፈጥር ነው፤ ብዙዎች እንዲያውም ቀለል ይላቸዋል። “እንዲህ ሲጨንቅህ ‘ምነው በሞትኩ’ የሚያሰኝህ፣ ራስህን ለማጥፋት የምታስብበት ጊዜ አለ?” ብሎ በቀጥታ መጠየቅ ይቻላል። “አዎ” ካለ አትቆጡት፣ ብቻውን አትተዉት፣ የዚያኑ ቀን ሐኪም ዘንድ አድርሱት። ቤት ውስጥ ያለውን ፀረ ተባይ መርዝና ተራፊ ክኒን ቆልፉበት ወይም ከቤት አውጡት። ሞክሮ የተረፈን ሰው “ይታሰራል” ብሎ መደበቅም አያስፈልግም፤ የኢትዮጵያ ወንጀል ሕግ የሚቀጣው ሌላውን ራሱን እንዲያጠፋ የገፋፋውን ወይም የረዳውን ነው።

ሆስፒታል ያስተኛችሁት ሰው ካለ የመውጫ ወረቀቱን ተቀብላችሁ ከመሄዳችሁ በፊት የማኅበራዊ ሥራ (ሶሻል ወርክ) ክፍሉ የት እንደሆነ ጠይቁ። ከሌላቸውም ለምን እንደሌላቸው ጠይቁ።