የቆየ የቻይና ሻይ፦ ከመግዛትዎ በፊት ይህን ይወቁ

«ዶክተር፣ ተብላልቶ የቆየው የቻይና ሻይ ቦርጭ ያጠፋል ወይ?» ለምትሉኝ መልሴ እነሆ።

ሻዩ ፑኧር ይባላል፤ የሚመጣው ከቻይናዋ ዩናን ግዛት ነው። የለመድነው ጥቁር ሻይ፣ የውሽውሽም ሆነ የጉመሮ፣ ቅጠሉ በአየር ጠቁሮ የደረቀ ነው። ፑኧርን ግን ልክ እንደ እንጀራ ሊጥ ረቂቅ ተሕዋስያን ያብላሉታል። ሁለት ዓይነት አለው፦ «ሸንግ» በዓመታት ቀስ ብሎ የሚበስል፤ «ሾው» ደግሞ ውሃ ተረጭቶበት፣ ተከምሮ በሳምንታት የሚደርስ።

ቦርጭ ማጥፋቱ ግን በሰው ላይ በበቂ አልተረጋገጠም።

ሲገዙ፦
✅ የአፈር ወይም የእንጨት ሽታ ችግር የለውም። ሻጋታ ካዩ ወይም ከሸተተዎት ይተዉት።
✅ «20 ዓመት የቆየ» ስለተባለ ብቻ ብዙ ብር አይክፈሉ።
✅ በደረቅ ቦታ ያስቀምጡት፤ የቆላችን ክረምት እርጥበት ያሻግተዋል።

ሲጠጡ፦
✅ ሻይ ከእህልና ከአትክልት የምናገኘውን አይረን ሰውነት እንዳይወስድ ያደርጋል። ከምግብ 1 ሰዓት ያህል ያርቁት። የአይረን ኪኒን በሻይ አይዋጡ።
✅ ካፌይን ስላለው ነፍሰ ጡሮች መጠኑን ይቀንሱ።

እዚህ ሸሕዲ ሆኜ በጣም የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ሻዩን እየጠጡ ከሱ፤ ትኩሳቱ ግን 2 ሳምንት አልፎታል፣ በግራ ጎን ሆድዎም አብጧል? «ሻዩ ሠራልኝ» ብለው አይደሰቱ! መተማ የካላዛር አገር ነው፤ ካላዛር ያከሳል፣ ደም ያሳንሳል፣ ካልታከመ ይገድላል። ዛሬውኑ ይመርመሩ፤ ሕክምና አለው።

ለወዳጅዎ ያጋሩ። መልካም ጤና!