ቩያኒ ቡንጉ፦ ከ4 ዙር ቪዲዮ ጀርባ ያለው ሻምፒዮን

ዩቲዩብ ላይ "ፕሪንስ ናዚም" ብላችሁ ብትፈልጉ ይሄ ቪዲዮ መምጣቱ አይቀርም። ቀኑ ማርች 11/2000 ነው፣ ቦታው ለንደን ኦሊምፒያ አዳራሽ። ናዚም ሃሚድ "በራሪ ምንጣፍ" ላይ ተቀምጦ ከሕዝቡ በላይ እየተንሳፈፈ ይመጣል። አዳራሹ በጩኸት ይናጋል። ሪንጉ ውስጥ ደግሞ አንድ ሰው ዝም ብሎ ይጠብቃል። በ4ኛው ዙር ያ ሰው በዝረራ ይሸነፋል። ቪዲዮው አለቀ።

ያ ሲጠብቅ የነበረው ሰው ደቡብ አፍሪካዊው ቩያኒ ቡንጉ ነው። ችግሩ ምን መሰላችሁ? ብዙ ሰው እሱን የሚያውቀው በዚህች ቪዲዮ ብቻ ነው። ቡንጉ ግን ወደ ለንደን ከመሄዱ በፊት የዓለም ሻምፒዮንነቱን 13 ጊዜ አስከብሯል። አንድም ጊዜ ቀበቶውን በሪንግ ውስጥ አልተነጠቀም።

ታዲያ የትኛው ነው እውነተኛው ቡንጉ? ከመጀመሪያው እንነሳ። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

የቦክሰኞች ሰፈር

ቡንጉ በ1967 የተወለደው ምዳንትሳኔ ውስጥ ነው። ምዳንትሳኔ ኢስት ለንደን ከምትባለው የደቡብ አፍሪካ የወደብ ከተማ አጠገብ ያለች ሰፊ የጥቁሮች መኖሪያ ናት። የአፓርታይድ መንግሥት በ1960ዎቹ ጥቁሮችን ከከተማው እያፈናቀለ ያሰፈረባት ቦታ ነች። ከዚህች ሰፈር ግን የዓለም ሻምፒዮኖች ተራ በተራ ወጡ። ዌልከም ንሲታ፣ ቡንጉ፣ ምቡሌሎ ቦቲሌ፣ በኋላም ዞላኒ ቴቴ።

ንሲታና ቡንጉ አሰልጣኛቸው አንድ ነው፣ ምዚ ምንጉኒ። ንሲታ በ1990 የአይቢኤፍን የ55.3 ኪሎ ቀበቶ ወሰደ። በ1992 ግን የሴኡል ኦሊምፒክ የወርቅ ባለሜዳሊያው አሜሪካዊ ኬኔዲ ማኪኒ ጣሊያን ውስጥ በ11ኛው ዙር ዘርሮ ቀበቶውን ነጠቀው። በ1994 መልስ ሲጫወቱም ማኪኒ ደገመው።

በዚያው ዓመት ኦገስት 20 ማኪኒ ራሱ ደቡብ አፍሪካ ድረስ መጣ። ተጋጣሚው ቡንጉ ነበር። ማንዴላ ፕሬዝዳንት ከሆኑ ገና ሦስት ወር ከምናምን ነው። ማኪኒ ያሸንፋል ተብሎ ሲጠበቅ ቡንጉ በነጥብ አሸነፈ። ንሲታ ያጣው ቀበቶ ወደ ምዳንትሳኔ ተመለሰ።

ምኑ ነው የተለየው?

ይሄን ለመረዳት ነጥብ እንዴት እንደሚቆጠር ማወቅ ያስፈልጋል። ቦክስ ውስጥ ዙሩን ያሸነፈ 10 ያገኛል፣ የተሸነፈ ብዙ ጊዜ 9። 12 ዙር አለ። 7 ዙር ያሸነፈና 5 ዙር የተሸነፈ ሰው 115 ለ 113 አሸነፈ ማለት ነው። ማንንም መጣል አይጠበቅበትም። እያንዳንዱን ዙር በትንሹ መብለጥ ይበቃዋል።

ቡንጉ የዚህ ሂሳብ ሰው ነበር። አንድ ምት አዳራሹን ዝም የሚያሰኝ ዓይነት አልነበረም። እጁን ከፍ አድርጎ ፊቱን ይሸፍናል። በግራ እጁ አጭር ምት ርቀቱን ይለካል። ሌላው ሲሰነዝር ጓንቱ ላይ ያሳርፍና ወዲያው ይመልሳል። ከዚያ ሆድና ጎን። እንደገና ሆድና ጎን። 3ኛው ዙር ላይ ምንም የማይመስለው ነገር 10ኛው ዙር ላይ የሰውየውን እግር ያደክመዋል።

ይሄ ሥራ 30 ሰከንድ ቪዲዮ ላይ አይታይም። የዝረራ ምት ተቆርጦ ይሰራጫል፤ 12 ዙር ሙሉ አለመመታትን ግን ማን ቆርጦ ይለጥፋል?

ማኪኒ በ1997 እንደገና መጣ። ይሄኛው በጣም የተቀራረበ ነበር፣ ዳኞቹ ራሳቸው ተከፋፈሉ። ቡንጉ አሁንም አሸነፈ። በ1998 ደግሞ አሜሪካ፣ አትላንቲክ ሲቲ ሄዶ የሁለት ምድብ የቀድሞ ሻምፒዮን የነበረውን ዳኒ ሮሜሮን በሰው አገር በነጥብ ረታ።

የሚነሳበት ጥያቄ

እሺ፣ ማጋነንም አያስፈልግም። ቡንጉ ብዙዎቹን ግጥሚያዎች ያደረገው አገሩ ላይ ነው። በእሱ ጊዜ በዚሁ ክብደት ማርኮ አንቶኒዮ ባሬራና ኤሪክ ሞራሌስ የሌሎች ድርጅቶችን ቀበቶ ይዘው ነበር። ከሁለቱም ጋር አልተገናኘም። "ከትልልቆቹ ጋር ቢጋጠም ኖሮ?" የሚለው ጥያቄ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። መልሱን ማንም ሊያገኘው አይችልም።

የለንደኑን ምሽት ስናይ ግን ጥቂት ነገር አብረን እንይ። ቡንጉ 33 ዓመቱ ነበር። ከአንድ ዓመት በላይ አልተጋጠመም። ቀበቶውን ትቶ ወደ 57 ኪሎው ምድብ ወጥቶ ነው የገባው። ፊት ለፊቱ ያለው ሰው ደግሞ እስከዚያ ቀን ማንም ያላሸነፈው ሃሚድ ነው። ሽንፈቱ እውነት ነው፣ ሰበብም አያስፈልገውም። ግን ያ ምሽት የአንድ ሰው ሥራ መጨረሻ አካባቢ ያለ አንድ ምሽት ነው፣ ሙሉ ሥራው አይደለም።

ቀበቶው የት ደረሰ?

ቡንጉ የተወውን ቀበቶ በ1999 ሌላው ደቡብ አፍሪካዊ ሌህሎሆኖሎ ሌድዋባ ወሰደው። በ2001 ሌድዋባ ላስ ቬጋስ ሄደ። እዚያ በአሜሪካ ሪንግ ላይ የመጀመሪያ ግጥሚያውን የሚያደርግ፣ ያኔ ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ፊሊፒናዊ በ6ኛው ዙር አሸነፈው። ማኒ ፓኪያኦ ነው።

አዎ፣ ፓኪያኦ ዓለም ሲያውቀው ወገቡ ላይ ያሰረው ቀበቶ ቡንጉ 13 ጊዜ ያስከበረው ቀበቶ ነው።

ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ የምንጣፉ ቪዲዮ ሲመጣባችሁ ከፕሪንሱ ላይ ዓይናችሁን አንሱና ሪንጉ ውስጥ የቆመውን ሰው እዩ። ከዚያ የ1997ቱን የማኪኒ ግጥሚያ ፈልጋችሁ ከ1ኛው ዙር እስከ 12ኛው ተመልከቱ። ሳትዘሉ። ቡንጉ ያለው እዚያ ውስጥ ነው።