ጅብ ከሄደ የሚጮህ ጠባቂ አያዋጣም

አፄ ምኒልክ በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከመቆርቆሯ በፊት እንጦጦ ላይ የሰፈሩት ከፍታው ለጥበቃ ስለሚመች ነበር። ዛሬ ከእንጦጦ ግርጌ፣ ከሾላ ገበያ እስከ መገናኛና ኮተቤ የሚነግደው የየካ ነጋዴ ግን ሀብቱ ሁሉ መጋዘን ውስጥ አይደለም። ገንዘቡ በቴሌብር ይንቀሳቀሳል፤ የደንበኞቹ ስልክ ቁጥርና መታወቂያ በእጅ ስልኩ ይገኛል። ቤት አሻሻጩ ደላላማ የስንቱን ካርታ ፎቶ ይዞ እንደሚዞር ራሱ ያውቀዋል። ለመጋዘኑ ዘበኛ ቀጥሯል፤ ለዚህኛውስ?

ጥያቄው የቅንጦት አይደለም። መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ችግር ገጥሞት ደንበኞች በሂሳባቸው የሌለ ገንዘብ አወጡ። ባንኩ መንስኤው የሳይበር ጥቃት እንዳልሆነ አስታውቋል። የወጣው ገንዘብ ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ ሲሆን አብዛኛው ተመልሷል። አደጋ ሁልጊዜ ከውጭ ሰርጎ ገብ አይመጣም ማለት ነው።

እዚህ ላይ ነው የኮምፒዩተር ሳይንስ ምሩቁ የሚፈለገው። በብዙ መሥሪያ ቤት እንደ ኮምፒዩተር ጠጋኝ ይታያል። ሥራው ግን ማን የትኛውን መረጃ ማየት እንደሚችል መወሰን፣ መጠባበቂያ ቅጂ መያዝ፣ አዲስ ሲስተም ሥራ ላይ ሳይውል መፈተሽ ነው። ችግሩ ውጤቱ ያልደረሰ ጉዳት መሆኑ ነው። ያልደረሰ ጉዳት ደግሞ በሂሳብ መዝገብ ላይ አይጻፍም፤ ስለዚህ በጀት ሲቀነስ የመጀመሪያው ተቆራጭ እሱ ይሆናል።

በመንግሥት በኩል የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። የግሉን ዘርፍ ስሌት የሚለውጠው ግን የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ነው። ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ሲሆን፣ የሰው መረጃ የሚይዝ ድርጅት መረጃው ሲደፈር በ72 ሰዓት ውስጥ ማሳወቅ ይጠበቅበታል። ሕግ ሲወጣ የባለሙያው ፍላጎት ይጨምራል፤ ፍላጎት ሲጨምር ዋጋውም ይወደዳል። ኮዱን ከአዋጁ ጋር አጣምሮ የሚያውቅ ወጣት ገበያው የእሱ ነው።

ባለሙያ የመቅጠር አቅም የሌለው ባለሱቅስ? ሥራው ያለቀለትን የመታወቂያ ፎቶ ይሰርዝ፤ የሚስጥር ቁጥሩን ለሻጩ አይስጥ፤ መዝገቡን ሁለት ቦታ ያስቀምጥ። ይህ ወጪ የለውም። ኪሳራው ከደረሰ በኋላ ባለሙያ መጥራት ግን ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።