እበት ወደ ምድጃ ወይስ ወደ ማሳ?

የእበትን ዋጋ የሚወስነው ምድጃ ነው። ከእንጦጦ ግርጌ እስከ ጉርድ ሾላ በግቢው ላም የሚያረባ ሰው እበቱን ጠፍጥፎ ኩበት ካደረገው፣ እንደደረቀ ገዢ ያገኝለታል። ኮምፖስት ላድርገው ካለ ግን ወራት መጠበቅ አለበት፤ ገንዘብ የሚታሰረው እዚህ ላይ ነው።

የመኖ መክተፊያ ማሽን ወደ ሒሳቡ የሚገባው በዚህ ምክንያት ነው። የበቆሎ አገዳ እንዳለ ቢከመር መበስበሱ ይጓተታል። ተከትፎ ከእርጥብ እበት ጋር ሲደባለቅ ግን ክምሩ እስከ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይግላል፤ የአረም ዘርም ይሞታል። (የእንጦጦ ባሕር ዛፍ ቅጠል ግን ቶሎ አይበሰብስምና በብዛት ባይገባ ይመረጣል።)

ነጋዴው የሚሳሳተው ኮምፖስትን በኩንታል ከዩሪያ ጋር ሲያወዳድር ነው። አንድ ኩንታል ዩሪያ 46 ኪሎ ናይትሮጅን ይይዛል፤ ኮምፖስት ግን ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ 2 ኪሎ ብቻ ነው። ስለዚህ በአይሱዙ ጭኖ ሩቅ መላክ ኪሳራ ነው። ገበያው እዚያው አቅራቢያ፣ ችግኝ አፍይዎችና አትክልት አምራቾች ዘንድ ነው።

ኮምፖስት ምርት አይሰጥም ለሚል ትግራይ መልስ አላት። እነ ዶ/ር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔር የተሳተፉበት፣ እ.ኤ.አ. በ1996 ከገበሬዎች ጋር የተጀመረው ሥራ ከኬሚካል ማዳበሪያ ያላነሰ ምርት አሳይቷል። እዚያ ግን እበቱ ከበረት ወደ ባለቤቱ ማሳ ነው የሚሄደው፤ ደላላም ጭነትም የለበትም። የጉርድ ሾላው ላም አርቢ ማሳ የለውም። ችግኝ አፍይው ቀብድ ካላስቀደመለት እበቱ ኩበት ሆኖ ይቀራል።