ከፊርማው በኋላ የሚቀረው ሥራ

ሰላም በፊርማ ይጀምራል እንጂ በፊርማ አይፈጸምም። ለዚህ የደቡብ ሱዳንን ታሪክ እናስታውስ። ከ17 ዓመት ጦርነት በኋላ፣ አብያተ ክርስቲያናት በሸመገሉት ንግግር፣ የካቲት 19 ቀን 1964 ዓ.ም. (1972 እ.ኤ.አ.) አዲስ አበባ ላይ ስምምነት ተፈረመ። ወደ 200 ሺህ የሚጠጉ ስደተኞች ከኡጋንዳ፣ ከኮንጎ፣ ከመካከለኛው አፍሪካ ሪፑብሊክና ከኢትዮጵያ ተመለሱ፤ በጫካ ተሸሽገው የኖሩትም ብዙ ነበሩ። የጠበቃቸው ግን የፈረሰ ቤትና ዳዋ የለበሰ ማሳ ነው።

ርዳታውን የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽነር መሥሪያ ቤት አስተባበረ። ጁባ ላይ በነጭ ዓባይ ድልድይ ተሠራ፤ መንገድ ከሌለ እህል ከመጋዘን አይወጣምና። ወንጌላውያን ሚሲዮኖችም በየፊናቸው ከመሮጥ ይልቅ አክሮስ የተባለ የጋራ ድርጅት አቋቋሙ።

ትምህርቱ ግልጽ ነው። አንዱ እህል፣ ሁለተኛው መድኃኒት፣ ሦስተኛው ዘርና መቆፈሪያ ይያዝ። ዘሩ ከዝናቡ በፊት ይድረስ፤ ከዘገየ ተመላሹ ዓመቱን ሙሉ የሰው እጅ ያያል። ቀዬውን ሳይለቅ የቆየው ጎረቤትም አይዘለል፤ አለዚያ ርዳታው ቅሬታ ይዘራል።

እንግዲህ ስትሰጡ ለማን፣ መቼና ከማን ጋር እንደሚሠራ ጠይቁ፤ ሠራተኞቹንም በጸሎት አስቡ።